ጄምስ ክላርክ ማክስዌል

ጄምስ ክላርክ ማክስዌል (እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 1831 – ኖቬምበር 5 ቀን 1879) የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነ የፊዚክስና የሒሳብ ሊቅ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ኤሌክትሪክን፣ መግነጢስንና ብርሃንን በአንድ ሕግ ሥር ባዋሐዱት እኩልታዎቹ ነው። ከዚህ ሌላ የሰው ዓይን ቀለምን እንዴት እንደሚለይ በሙከራ የመረመረ ሲሆን፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያዎች አማካይነት በዓለም የመጀመሪያ የሆነውን ባለ ሦስት ቀለም ፎቶግራፍ በ1861 ለሕዝብ አሳይቷል። የዛሬው ቴሌቪዥን፣ የሞባይል ስልክ ካሜራና የሳተላይት ምስል የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማክስዌል የተወለደው ኢትዮጵያ በዘመነ መሳፍንት ሳለች ነበር። የካምብሪጅ ፕሮፌሰር ሆኖ በተሾመበት በ1871 ደግሞ ከዋግ ሹማምንት ወገን የነበሩት አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ፪ኛ (ዋግሹም ጎበዜ) ዓድዋ አጠገብ ተሸንፈው ዙፋናቸውን አጡ። በሞተ ጊዜ በኢትዮጵያ የነገሡት አጼ ዮሐንስ ፬ኛ ነበሩ።

ልጅነትና ትምህርት

ማክስዌል በኤድንብራ ከተማ፣ በኢንድያ ጎዳና ቁጥር 14 ተወለደ። አባቱ ጆን ክላርክ ማክስዌል የሕግ ባለሙያና ባለርስት፣ እናቱ ደግሞ ፍራንሲስ ኬይ ይባላሉ። ያደገው በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ በሚገኘው ግሌንሌር በተባለው የቤተሰቡ ርስት ነው። በሕፃንነቱ የሚያየውን ነገር ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ ሳይጠይቅ የማያልፍ ልጅ ነበር። የመጀመሪያ አስተማሪው እናቱ ነበረች፤ ነገር ግን በ1839 ገና የ8 ዓመት ልጅ ሳለ በሆድ ካንሰር ሞተችበት።

በ1841 ኤድንብራ አካዳሚ ገባ። የገጠር አነጋገሩና አባቱ ራሱ የነደፈለት ያልተለመደ ልብስና ጫማ መሳቂያ አደረጉት፤ የክፍል ጓደኞቹም ጅሉ የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል ስም አወጡለት። ብዙ ዓመት ሳይቆይ ግን በሒሳብም በግጥምም ሽልማት ያገኝ ጀመር። በ14 ዓመቱ ስለ እንቁላል ቅርጽ መስመሮች አንድ ጥናት ጻፈ። ልጁ ለኤድንብራ ንጉሣዊ ማኅበር ራሱ እንዳያቀርብ ዕድሜው አልፈቀደም ነበርና በ1846 ጥናቱን ያቀረበለት ፕሮፌሰር ጄምስ ፎርብስ ነው።

ከ1847 እስከ 1850 በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። በ1854 የካምብሪጅን የሒሳብ ፈተና በሁለተኛነት አጠናቀቀ፤ በዚያው ዓመት የስሚዝን ሽልማት አንደኛ ከወጣው ከኤድዋርድ ራውዝ ጋር እኩል ተካፈለ።

ባለቀለም ማጣሪያ በብርሃን ላይ የሚያደርገው ለውጥ

የማክስዌልን የቀለም ሥራ ለመረዳት ባለቀለም መስታወት በብርሃን ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል። ነጭ የሚመስለው የፀሐይ ብርሃን የብዙ ቀለሞች ድብልቅ መሆኑን አይዛክ ኒውተን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፕሪዝም አሳይቷል። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ የሞገድ ርዝመት አለው፤ ሰማያዊ ወደ 470 ናኖሜትር፣ አረንጓዴ ወደ 530፣ ቀይ ደግሞ ከ620 በላይ ነው።

ቀይ መስታወት በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ቀይ አይቀባውም። ከነጩ ብርሃን ውስጥ ቀዩን አሳልፎ፣ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ራሱ ውጦ ያስቀራል፤ የተዋጠውም ብርሃን ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ ማጣሪያ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር ነገር አይደለም፤ ከማጣሪያ የወጣ ብርሃን ምንጊዜም ከገባው ያነሰ ነው። መስታወቱ የትኛውን ብርሃን እንደሚውጥ የሚወስነው በውስጡ የተጨመረው ንጥረ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ኮባልት ሰማያዊ፣ ክሮሚየም አረንጓዴ፣ ወርቅ ደግሞ ቀይ መስታወት ያስገኛሉ።

በዚህ ምክንያት ዕቃዎች በማጣሪያ ሲታዩ መልካቸው ይለወጣል። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በጥሩ ቀይ መስታወት ሲታይ አረንጓዴው ወደ ጥቁር ይጠጋል፤ ቢጫውና ቀዩ ግን ሁለቱም ቀይ ብርሃን ስለሚመልሱ በመካከላቸው ያለው ወሰን ይደበዝዛል። በአረንጓዴ መስታወት ሲታይ በተቃራኒው ቀዩ ይጠቁራል፣ አረንጓዴው ደምቆ ይወጣል፣ ቢጫውም አረንጓዴ ይመስላል። ቀይና አረንጓዴ መስታወት ተደራርበው ሲያዙ ደግሞ አንዱ ያሳለፈውን ሌላው ስለሚውጠው ብርሃን የሚያልፈው እምብዛም ነው።

ሁለት መብራቶች አንዱ በቀይ፣ ሌላው በአረንጓዴ መስታወት ተሸፍነው በአንድ ነጭ ግድግዳ ላይ ሲያበሩ ግን ውጤቱ ጥቁር ሳይሆን ቢጫ ነው። እዚህ ላይ ብርሃን በብርሃን ላይ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። የብርሃን መደመርና መቀነስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በማክስዌል ወጣትነት ዘመን ገና በደንብ አልተለየም ነበር። ሠዓሊዎች ሰማያዊና ቢጫ ቀለም ሲቀላቀሉ አረንጓዴ እንደሚሰጡ ስለሚያውቁ፣ ብዙ ሊቃውንት ብርሃኑም እንዲሁ የሚያደርግ ይመስላቸው ነበር።

የቀለም ምርምር

በ1849 ፎርብስ በኤድንብራ ቤተ ሙከራው ውስጥ ባለቀለም ወረቀት የተለጠፈበት ክብ ሰሌዳ በፍጥነት እያሽከረከረ ቀለሞች በዓይን ውስጥ እንዴት እንደሚዋሐዱ ይመረምር ነበር፤ ማክስዌልም አብሮት ይሠራ ነበር። ሰማያዊና ቢጫ አብረው ሲሽከረከሩ አረንጓዴ ሳይሆን ወደ ሮዝ የሚያደላ ፈዛዛ መልክ ሰጡ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ሲል ወጣቱ ማክስዌል ዊልያም ኒኮል የተባለውን የኤድንብራ ሊቅ ጎብኝቶ ነበር። ከኒኮል ባገኛቸው ብርሃንን የሚያጣሩ ፕሪዝሞች በመጠቀም፣ ጫና ያረፈበት ግልጽ ነገር በውስጡ የሚያሳየውን ቀለማት ያጠና ጀመር።

ማክስዌል የፎርብስን ሽክርክሪት አሻሻለው። በውጭኛው ክብ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀቶችን፣ በውስጠኛው ላይ ነጭና ጥቁር ወረቀቶችን እያደረገ የእያንዳንዱን ስፋት በመቶኛ ለካ። ሽክርክሪቱ ሲዞር ውስጡና ውጭው አንድ ዓይነት ግራጫ እስኪመስሉ ድረስ መጠኑን ያስተካክል ነበር። በአንዱ ሙከራ ከመቶው 37 እጅ ቀይ፣ 27 እጅ ሰማያዊና 36 እጅ አረንጓዴ ሲደባለቁ፣ 28 እጅ ነጭና 72 እጅ ጥቁር ከሚሰጡት ግራጫ ጋር ተመሳሰሉ። በዚህም ቀለም በቁጥር የሚጻፍና በእኩልታ የሚሰላ ነገር ሆነ። ውጤቱን በ1855 አሳተመ።

ሥራው ቶማስ ያንግ በ1802 ያቀረበውን መላ ምት ደገፈ። በዚህ መላ ምት መሠረት የሰው ዓይን ሦስት ዓይነት የብርሃን ተቀባዮች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ የምናየው ቀለም ሁሉ የሚገኘው ከሦስቱ የተለያየ ምላሽ ነው። ማክስዌል ቀለም ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎችንም በሽክርክሪቱ መረመረ። ለእነዚህ ሰዎች ከሦስት ይልቅ ሁለት ቀለሞች ብቻ ማንኛውንም መልክ ለማመሳሰል በቂ ሆነው ስላገኛቸው፣ ከሦስቱ ተቀባዮች አንዱ እንደጎደላቸው ደመደመ። አንዱ ዓይን ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ መስታወት ያለው መነጽር ቢያደርጉ ሁለቱን ቀለሞች ለመለየት እንደሚረዳቸውም ሐሳብ አቀረበ።

በ1856 በአበርዲን ማሪሻል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ሹመቱን ሊያይለት በጉጉት ይጠብቅ የነበረው አባቱ ግን ከዚያ ጥቂት ቀድሞ አረፈ። በ1858 የኮሌጁን ኃላፊ ልጅ ካትሪን ሜሪ ደዋርን አገባ። ልጅ አልወለዱም። በ1860 ኮሌጁ ከሌላ ኮሌጅ ጋር ሲዋሐድ ማክስዌል ቦታውን አጣ፤ በዚያው ዓመት በፈንጣጣ ታሞ ከሞት ተረፈ፤ ቀጥሎም በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተቀጠረ። በቀለም ሥራው ምክንያት የለንደን ንጉሣዊ ማኅበር በ1860 የረምፎርድን ሜዳይ ሸለመው።

በለንደን ቤታቸው ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም፣ ውስጡ ጥቁር የተቀባ ሣጥን ሠርቶ ከፕሪዝም የወጡትን ንጹሕ ቀለማት እየደባለቀ ይለካ ነበር። ካትሪን የምርምሩ ተካፋይ ነበረች። የእርሷ ዓይን የሰጠው ልኬት ከእርሱ ጋር ጎን ለጎን ተመዝግቦ ታትሟል፤ የሁለቱ ልኬት በመጠኑ መለያየቱም ጤነኛ ዓይኖች እንኳ ቀለምን ፍጹም አንድ አድርገው እንደማያዩ አሳየ።

የ1861ዱ ባለቀለም ፎቶግራፍ

የዓይን ሦስት ተቀባዮች ነገር እውነት ከሆነ፣ አንድን ዕቃ በሦስት ማጣሪያዎች በኩል ሦስት ጊዜ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንስቶ፣ ሦስቱን ምስሎች በየማጣሪያቸው በኩል በአንድ ሰሌዳ ላይ በብርሃን መደራረብ የዕቃውን ቀለም መመለስ አለበት። ማክስዌል ይህን ሐሳብ በ1855 ጽፎት ነበር። ወደ ተግባር ያመጣው በኪንግስ ኮሌጅ ያስተምር ከነበረው ፎቶግራፍ አንሺ ቶማስ ሰተን ጋር ነው።

ለፎቶው የተመረጠው ባለመስመር የስኮትላንድ ጥብጣብ (ታርታን) ነበር። ማጣሪያዎቹ ባለቀለም ፈሳሽ የተሞሉ የመስታወት ዕቃዎች ነበሩ። ለቀዩ የብረት ታዮሳያኔት፣ ለአረንጓዴው መዳብ ክሎራይድ፣ ለሰማያዊው በአሞኒያ የተዘጋጀ መዳብ ሰልፌት ጥቅም ላይ ዋሉ። በሰማያዊው ማጣሪያ በኩል ምስሉ ለመነሳት 6 ሰከንድ ብቻ ሲወስድ፣ በቀዩ በኩል ግን 8 ደቂቃ ወሰደ። አረንጓዴው ጨርሶ ስላልሠራ ፈሳሹን ማቅጠን አስፈለገ፤ እንዲያም ሆኖ 12 ደቂቃ ፈጀ።

ሜይ 17 ቀን 1861 ማክስዌል በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ ስለ ሦስቱ መሠረታዊ ቀለሞች ንግግር አደረገ። ሦስት የምስል መብራቶች ሦስቱን ምስሎች በአንድ ሰሌዳ ላይ አጋጠሟቸው፤ ታዳሚውም የጥብጣቡን ቀለም በፎቶግራፍ አየ። ማክስዌል በዚያው ጊዜ ቀዩና አረንጓዴው እንደ ሰማያዊው ጥርት ብለው እንዳልወጡ፣ ለእነዚህ ቀለሞች ይበልጥ ንቁ የሆነ የፎቶ ንጥረ ነገር ቢገኝ ውጤቱ እንደሚሻሻል ገልጿል።

የቀዩ ምስል ምስጢር

ከጊዜ በኋላ የፎቶግራፍ ኬሚስትሪ ሲያድግ አንድ ጥያቄ ተነሳ። በዘመኑ የነበረው የኮሎዲየን ሰሌዳ ለቀይ ብርሃን ጨርሶ ምላሽ የማይሰጥ፣ ለአረንጓዴም እጅግ ደካማ ነበር። በፎቶ ቤቶች ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀይ አምፖል ይበራ የነበረው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ለቀይ ብርሃን ስለማይነቃ አይበላሽም። ታዲያ የሰተን ሰሌዳ በቀይ ማጣሪያ በኩል ምስል ሊያነሳ ባልተገባው ነበር።

መልሱ የተገኘው ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ በ1961 ነው። የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪ ራልፍ ኢቫንስ ሙከራውን ደግሞ ሲሠራ፣ ቀዩ ፈሳሽ ከቀይ ብርሃን ሌላ ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃንም እንደሚያሳልፍ ተገነዘበ። ብዙ ቀይ ጨርቆች ደግሞ ከቀይ ጋር አልትራቫዮሌትንም ይመልሳሉ። የሰተን ሰሌዳ ለአልትራቫዮሌት ንቁ ስለሆነ ቀዩን ምስል ያነሳው በእርሱ ነበር። የአረንጓዴውም ምስል የተነሳው ፈሳሹ ባሳለፈው፣ ወደ ሰማያዊ በሚያደላው የአረንጓዴ ጠርዝ ነበር። ስለዚህ ሦስቱ ሰሌዳዎች ማክስዌል ባሰበው ብርሃን ባይነሱም፣ የጥብጣቡን ክፍሎች በትክክል ስለለዩ ውጤቱ የተሳካ ሆነ።

ይህ ግኝት የማክስዌልን መርሕ አላፈረሰም። ያሳየው ማጣሪያ በዓይን ሲታይ ያለው ቀለም ብቻውን ምን እንደሚያሳልፍ የማይናገር መሆኑን ነው። ዛሬ የማጣሪያ ጥራት የሚለካው ከአልትራቫዮሌት እስከ ታህተ ቀይ ባለው እያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት ስንት እጅ እንደሚያሳልፍ በመመዝገብ ነው። ለዓይን የጠቆረ መነጽርም አልትራቫዮሌትን የማያግድ ከሆነ ዓይንን ከጉዳት የማያድነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ብርሃን እንደ ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ

ማክስዌል በለንደን በቆየባቸው ዓመታት የማይክል ፋራዴይን የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ሙከራዎች በሒሳብ ቋንቋ ጻፈ። ከእኩልታዎቹ የሚወጣው ሞገድ የሚጓዝበት ፍጥነት ሲሰላ፣ በሙከራ ከተለካው የብርሃን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከ300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በመነሳት ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ሞገድ ነው ብሎ ደመደመ። ሙሉው ንድፈ ሐሳብ በ1865፣ ሰፊው መጽሐፉ ደግሞ በ1873 ታተመ። ማክስዌል ከሞተ በኋላ በ1880ዎቹ ሄንሪክ ኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድን በቤተ ሙከራ አመንጭቶ ንድፈ ሐሳቡን አረጋገጠ።

በቀለም ማጣሪያ ላይ ይሠራ የነበረው ሰው ቀለም ማለት የሞገድ ርዝመት ልዩነት መሆኑን ከመሠረቱ ያስረዳ በዚህ መንገድ ነው። ከሚታየው ብርሃን ግራና ቀኝ ያሉት አልትራቫዮሌት፣ ታህተ ቀይና የሬዲዮ ሞገድ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ሆነው ተገኙ።

ማክስዌል የሳተርን ቀለበት አንድ ጠጣር አካል ሳይሆን የብዙ ትናንሽ አካላት ስብስብ መሆኑን በስሌት አሳይቶ የአዳምስ ሽልማትን አግኝቷል። ስለ ጋዝ ሞለኪውሎች ፍጥነት ስርጭት ያወጣው ሕግም በስሙ ይጠራል።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

በ1865 ማስተማሩን ትቶ ወደ ግሌንሌር ተመለሰ። በ1871 የመጀመሪያው የካቨንዲሽ ፕሮፌሰር ሆኖ ወደ ካምብሪጅ ተጠራ፤ በ1874 የተከፈተውን የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ አሠራርም በበላይነት ተቆጣጠረ። በስተመጨረሻ ጊዜውን ያዋለው ከእርሱ በፊት የነበረውን የሄንሪ ካቨንዲሽን ያልታተሙ የኤሌክትሪክ ጽሑፎች በማዘጋጀት ነበር፤ መጽሐፉ በ1879 ወጣ።

በዚያው ዓመት የሆድ ካንሰር ያዘው። ሕመሙ እናቱን የገደላት ሲሆን፣ እርሱም እንደ እርሷ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ኖቬምበር 5 ቀን 1879 በ48 ዓመቱ ካምብሪጅ ውስጥ አረፈ። ቀብሩ ከግሌንሌር አቅራቢያ ባለችው ፓርተን በተባለች መንደር ተፈጸመ። የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን የሚያረጋግጠውን ሙከራ ለማየት አልበቃም፤ በቤት ውስጥ የሚሠራ ባለቀለም ፎቶግራፍም አላየም።

የሦስቱ ማጣሪያዎች ውርስ

ማክስዌል የተመኘውን ለቀይና ለአረንጓዴ ንቁ የሆነ የፎቶ ሰሌዳ ለማግኘት የሚያስችለውን መንገድ በ1873 የከፈተው ጀርመናዊው ሄርማን ፎገል ነው። የሉሚዬር ወንድማማቾች በ1907 ለገበያ ያቀረቡት አውቶክሮም የተባለው ሰሌዳ ደግሞ በሦስት ቀለም የተነከሩ የድንች ስታርች ቅንጣቶችን እንደ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይጠቀም ነበር። ሰርጌይ ፕሮኩዲን-ጎርስኪ ሩሲያን እየዞረ ያነሳቸው ባለቀለም ፎቶዎች በቀጥታ የማክስዌልን ዘዴ የተከተሉ ናቸው። በ1976 የኮዳኩ ብራይስ ባየር የባለቤትነት መብት ያገኘበት አደራደር ከእያንዳንዱ አራት የካሜራ ነጥቦች ሁለቱን በአረንጓዴ፣ አንዱን በቀይ፣ አንዱን በሰማያዊ ማጣሪያ ይሸፍናል። በዛሬው የሞባይል ስልክ ካሜራ ውስጥ በሰፊው የሚሠራበት ይኸው አደራደር ነው።

በኢትዮጵያ ባለቀለም መስታወት በብርሃን ላይ የሚያደርገው ለውጥ በስፋት የሚታይበት ታዋቂ ሥራ በአዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው የአፈወርቅ ተክሌ የመስኮት ሥዕል ነው። አዳራሹ የተመረቀው በ1961፣ ማክስዌል ጥብጣቡን ካሳየ ልክ መቶ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ መስኮቱ 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። የፀሐይ ብርሃን በየመስታወቱ እየተጣራ ወደ ውስጥ ሲገባ ሥዕሉ ከውስጥ በኩል ይደምቃል።

የሦስቱ ማጣሪያዎች መርሕ ከዓይን አልፎ ለእርሻም ይሠራል። ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ክብደቷ 72 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ምድርን በተለያዩ የሞገድ ርዝመቶች እየለየች እንድታነሳ ተሠርታለች፤ የምድር ጣቢያዋም እንጦጦ ላይ ነው። ለምለም ቅጠል ቀይ ብርሃንን አብዛኛውን ውጦ ታህተ ቀይን በብዛት ይመልሳል፤ ሲደርቅ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል። ስለዚህ አንድ አካባቢ በቀይና በታህተ ቀይ ተለይቶ ሲነሳ፣ ሁለቱን ምስሎች በማነጻጸር የዕፅዋቱን ሁኔታ ማወቅ ይቻላል። ለድርቅ ተጋላጭ በሆኑት እንደ ፃግብጂና ሰቆጣ ባሉ የዋግ ኽምራ ወረዳዎች ዝናብ ሲያጥር፣ የሰብሉና የግጦሹ መጎዳት ከሰማይ የሚታወቀው በእንደዚህ ዓይነት ንጽጽር ነው።

መታሰቢያ

የመግነጢስ ፍሰት መለኪያ የሆነው ማክስዌል የተባለው አሐድ በስሙ ተሰይሟል። በሃዋይ የሚገኘው የጄምስ ክላርክ ማክስዌል ቴሌስኮፕና በቬነስ ፕላኔት ላይ ያለው ከሁሉ የሚበልጠው የማክስዌል ተራራም ስሙን ይዘዋል። በ2008 በኤድንብራ ጆርጅ ጎዳና ላይ ሐውልት ቆሞለታል፤ ሐውልቱ በእጁ የቀለም ሽክርክሪቱን ይዞ ተቀምጦ ያሳየዋል። የተወለደበት ቤት ዛሬ በስሙ የተቋቋመ ድርጅት መቀመጫና አነስተኛ ሙዚየም ነው።